ማርብል ኬክ በቤት፦ ነጩና ጥቁሩ ሊጥ ሲስማሙ

ማርብል ኬክ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚፈርደው ዓይን ነው። ነጩና ጥቁሩ ተጠላልፈው፣ ግን ሳይደበላለቁ ካልታዩ፣ ጣዕሙ የቱንም ያህል ቢያምር ማርብል፣ ማለትም እብነ በረድ፣ የሚለውን ስሙን አላገኘም። እኔ ግን ከመልኩ ይልቅ የምፈትሸው ሌላ ነገር አለ፤ ከጥቁሩ ክፍል ብቻ ትንሽ ቆርሼ እቀምሳለሁ። ከነጩ እኩል የለሰለሰ ከሆነ ጋጋሪው ሥራውን ያውቃል። ደርቆ ጉሮሮ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ምን እንደተደረገ ሳልጠይቅ ይገባኛል፤ ደረቅ የኮኮዋ ዱቄት በቀጥታ ሊጡ ላይ ተነስንሷል።

ኮኮዋ ፈሳሽ ይመጥጣል። ከስንዴ ዱቄትም ይብሳል። ስለዚህ ከአንድ ሊጥ ሲሶውን ቀንሳችሁ ደረቅ ኮኮዋ ስትጨምሩበት፣ ነጩ ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ እየወረደ ጥቁሩ ማንኪያው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። እንዲህ የተራራቁ ሁለት ሊጦች በቢላዋ ሲነኩ አንዱ ሌላው ውስጥ አይገባም፤ ወፍራሙ ይቆራረጣል፣ ቀጭኑ ዙሪያውን ዞሮ ያልፋል። ከተጋገረ በኋላም ጥቁሩ ቀድሞ ይደርቃል። የማርብል ኬክ ነገር ሁሉ የተቋጠረው እዚህ ላይ ነው፦ ሁለቱ ሊጦች ከማንኪያ ላይ እኩል መውረድ አለባቸው። ሌላው ትዕግሥትና እጅን በጊዜ መሰብሰብ ነው።

ኬኩ የጀርመን ልጅ ነው። እዚያ ማርሞርኩኽን ይሉታል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጀርመን ወደ ሌሎች አገሮች ተሻገረ። አሜሪካ ሲደርስ ጥቁሩ ክፍል መጀመሪያ ላይ ቸኮሌት አልነበረም፤ በሞላሰስና በቅመማ ቅመም የጠቆረ ሊጥ ነበር። ኮኮዋ ቦታውን የያዘው ቆይቶ ነው፤ እኔ በበኩሌ ደግ አደረገ እላለሁ።

የሚያስፈልገው

መጠኑ የተለካው 23 በ13 ሴንቲ ሜትር ለሆነ፣ ረዘም ላለ የዳቦ ቅርጽ መጋገሪያ ነው። 200 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ፣ 200 ግራም ስኳር፣ 4 እንቁላል፣ 240 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 80 ሚሊ ሊትር ወተትና 2 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ቫኒላ። ለጥቁሩ ክፍል ደግሞ 25 ግራም የኮኮዋ ዱቄት፣ ማለትም ለጥ ተደርጎ የተለካ 4 የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና 60 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ።

ቅቤው፣ ስኳሩና እንቁላሉ በክብደት እኩል መሆናቸውን ልብ በሉ፤ መካከለኛ እንቁላል ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ገደማ ስለሚመዝን አራቱ 200 ግራም ይሆናሉ። ዱቄቱ ብቻ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ወተቱን የሚሸከም እሱ ነው። ይህን ካወቃችሁ መጋገሪያችሁ ትልቅ ወይም ትንሽ ቢሆን ሁሉንም በአንድ ሚዛን ከፍና ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ።

ሚዛን ያለው ሰው በሚዛን ይለካ። የሌለው 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ስኳርና ሲሶ ኩባያ ወተት ይያዝ፤ ዱቄቱን ግን ኩባያውን ከረጢት ውስጥ ነክሮ አይቅዳ። ሲነከር ዱቄቱ ይጠቀጠቅና በአንድ ኩባያ ላይ 20 ወይም 30 ግራም ይጨምራል፤ ያ ትርፍ ኬኩን ለማድረቅ ይበቃል። በማንኪያ እያነሳችሁ ኩባያው ውስጥ ልቀቁት፣ ከዚያ በቢላዋ ጀርባ ከላዩ ጥረጉት።

ስለ ኮኮዋው። በገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ ተፈጥሯዊው ነው፣ ቀለሙ ቀላ ያለ፣ ጣዕሙ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል። ሌላው በአልካላይ፣ ማለትም ኮምጣጣነቱን በሚያበርድ ነገር፣ የታከመው ነው፤ ጠቆር ይላል፣ ጣዕሙም የለዘበ ነው። ይህን አሠራር ያመጣው ኔዘርላንዳዊው ቫን ሃውተን ስለሆነ እስከ ዛሬ የኔዘርላንድ ኮኮዋ ይባላል። አንዳንድ የኬክ አሠራሮች ላይ ሁለቱን መለዋወጥ አይቻልም፤ በሶዳ ብቻ የሚነፋ ኬክ የኮኮዋውን ኮምጣጣነት ይፈልጋልና። እዚህ የምንጠቀመው ቤኪንግ ፓውደር የራሱን አሲድ ይዞ ስለሚመጣ ሁለቱም ይሠራሉ። እኔ የታከመውን እመርጣለሁ፤ ከነጩ አጠገብ ሲቆም ጥቁረቱ ይለያል፣ መስመሩም ጥርት ብሎ ይታያል። የሚጠጣ፣ ስኳርና የወተት ዱቄት የተቀላቀለበት የቸኮሌት ዱቄት ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ቀለሙም ጣዕሙም ፈዛዛ ነው።

የቀለጠ ቸኮሌት በኮኮዋው ፈንታ ይሆናል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ይሆናል፤ ነገር ግን ቸኮሌት የራሱን ቅባትና ስኳር ይዞ ይገባል፣ ኬኩ ሲቀዘቅዝም ያ ቅባት ስለሚረጋ ጥቁሩ ክፍል ከነጩ ጠንከር ይላል። ኮኮዋ በትንሽ መጠን ብዙ ጣዕም ይሰጣል።

ቫኒላን በተመለከተ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በማርብል ኬክ ውስጥ ነጩ ክፍል መደገፊያው እሱ ብቻ ነው። ቫኒላ የኦርኪድ ተክል ፍሬ ነው። አበባው ፈክቶ የሚቆየው አንድ ቀን ብቻ ሲሆን፣ ከተፈጥሮ አገሩ ከሜክሲኮና ከአካባቢው ውጭ ሲተከል ለረጅም ዘመን ፍሬ አልሰጥ ብሎ ነበር። መላውን ያገኘው በሬዩኒዮን ደሴት በባርነት ይኖር የነበረ ኤድመንድ አልቢየስ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1841 በቀጭን እንጨትና በአውራ ጣቱ አበባውን በእጅ አዳቀለው። ዛሬም ለገበያ የሚመረተው የቫኒላ አበባ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚዳቀለው አንድ በአንድ በሰው እጅ ነው። ውድ መሆኑ አያስደንቅም። ፈሳሹን የማያገኝ ሰው የቫኒላ ዱቄት ከስኳሩ ጋር ይቀላቅል፤ ኬኩ ያምራል። ብቻ ከልኩ አታሳልፉት፤ ሲበዛ ይመራል።

ሊጡን ከመንካታችሁ በፊት

ቅቤውንና እንቁላሉን ከማቀዝቀዣ ቀደም ብላችሁ አውጡ። ቅቤው ሊሠራ የደረሰ ነው የሚባለው ጣት ሲጫነው እየሰረጎደ ነገር ግን ሳያብለጨልጭ ነው፤ ሙቀቱ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። የሚያብረቀርቅና ጣት ላይ ቅባት የሚተው ቅቤ አልፎበታል፤ አየር መያዝ አይችልም። በማይክሮዌቭ ማለስለስ የሚቀናችሁ ካላችሁ ተዉት እላለሁ፤ ከውጭ ጠንካራ መስሎ ውስጡ ይቀልጣል። ይልቅ በትንንሹ ቆራርጣችሁ ሳህን ላይ ዘርጉት፤ ቶሎ ይለሰልሳል። እንቁላሉ ከረፈደባችሁ ለአምስት ደቂቃ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት።

መጋገሪያውን ቅቤ ቀቡና የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉበት። ወረቀቱ በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች በኩል ወደ ውጭ ተርፎ ይውጣ፤ በኋላ ኬኩን የምታነሡት በእሱ ነው። ኦቭኑን 170 ዲግሪ ላይ አብሩ፤ ማራገቢያ ያለው ከሆነ 155 ይበቃዋል። መደርደሪያውን ከመሃል ዝቅ አድርጉት።

አሁን ከሌላው ሁሉ በፊት የኮኮዋውን ቅይጥ አዘጋጁ። 25 ግራሙን ኮኮዋ በወንፊት ነፍታችሁ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳሩን ጨምሩና የፈላውን ውሃ በላዩ አፍስሱ። መጀመሪያ አልዋሐድ ይላል፣ ዱቄቱ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ አትቸኩሉ፣ ከዳር ወደ መሃል እያሻችሁ አማስሉት። ትንሽ ቆይቶ ይሰበሰብና የሚያብረቀርቅ፣ ጥቁር፣ ከማንኪያ ላይ በወፍራሙ የሚንጠባጠብ ይሆናል። የፈላ ውሃ የሚፈለግበት ምክንያት ሁለት ነው፤ ኮኮዋው የሚጠጣውን አስቀድሞ ጠጥቶ ስለሚጠግብ በኋላ ከሊጡ አይሻማም፣ ሙቀቱም የታመቀውን መዓዛ ይፈታዋል። አፍንጫችሁን ጠጋ አድርጉ፤ ከዱቄቱ የማይሸት ሽታ ከዚህ ቅይጥ ይወጣል። ከዚያ ሸፍናችሁ አስቀምጡት፤ ሊጡ ጋር ሲገናኝ ቀዝቅዞ መሆን አለበት። ትኩሱን ከጨመራችሁት የሊጡን ቅቤ ያቀልጠዋል፣ የለፋችሁበት አየርም ይወጣል።

ሊጡ

ቅቤውንና ስኳሩን፣ ከጨውና ከቫኒላው ጋር፣ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ምቱ። በኤሌክትሪክ መምቻ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ፣ በእንጨት ማንኪያ ከሆነ ክንድ እስኪዝል። ቢጫው ቅቤ ወደ ነጭነት እስኪጠጋ፣ መጠኑም ከፍ እስኪል ድረስ ነው። ይህ ደረጃ ማጣፈጫ ብቻ አይደለም። የስኳሩ ጥርሶች ቅቤውን እየቧጠጡ በዓይን የማይታዩ የአየር ኪሶች ያበጁለታል፤ ቤኪንግ ፓውደሩ ኦቭን ውስጥ ገብቶ ጋዝ ሲያወጣ አዲስ ኪስ አይፈጥርም፣ ያሉትን ይነፋል እንጂ። ኪሱ እዚህ ካልተሠራ ቤኪንግ ፓውደር ቢበዛ ምንም አይፈይድም። በየመሃሉ የሳህኑን ዳርና ሥር እየጠረጋችሁ መልሱ፤ ያልተመታ ቅቤ እዚያ ተደብቆ ይቀራል።

እንቁላሉን አንድ በአንድ ጨምሩ፤ አንዱ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ሁለተኛው አይግባ። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ሊጡ እንደ መቆራረጥ፣ እንደ መፈርፈር ሊል ይችላል። ቅቤው መሸከም ከሚችለው በላይ ውሃ ሲገባበት ነው። ከምትጠቀሙበት ዱቄት ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ አንሥታችሁ ጣል አድርጉበት፤ ይሰበሰባል።

ዱቄቱንና ቤኪንግ ፓውደሩን አንድ ላይ ነፍታችሁ በሦስት ጊዜ፣ ወተቱን ደግሞ በመሃሉ በሁለት ጊዜ አስገቡ፤ በዱቄት ጀምራችሁ በዱቄት ጨርሱ። ከዚህ በኋላ የኤሌክትሪክ መምቻውን አስቀምጡት። የስንዴ ዱቄት እርጥበት አግኝቶ በተመታ ቁጥር ግሉተን የሚባለው የሚለጠጥ መረብ ይዘረጋል፤ ለዳቦ የሚያስፈልገው ያ ጉልበት ኬክን ያጠነክረዋል፣ ውስጡንም ረጃጅም ቀዳዳ ያበዛበታል። በላስቲክ ማንኪያ ከሥር እያነሣችሁ፣ ሳህኑን እያዞራችሁ፣ ነጭ ዱቄት መታየቱን ሲያቆም በቃ።

ከፍ ያለ ቦታ የምትኖሩ እዚህ ላይ ማስተካከል ያለባችሁ ነገር አለ። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ስትሆኑ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ጋዙ በቀላሉ ይለጠጣል፣ ኬኩም ሳይበስል ፈጥኖ ተነሥቶ መሃሉ ላይ ይወድቃል። ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ አውርዱ፣ ከዋናው ስኳር አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀንሱ፣ ወተቱ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ፣ ኦቭኑንም 10 ዲግሪ ከፍ አድርጉት።

ከአንዱ ሁለት

ሊጡ ወደ 930 ግራም ይመዝናል። ሲሶውን፣ ማለትም 310 ግራም ያህሉን፣ ወደ ሌላ ሳህን ቀንሱና የቀዘቀዘውን የኮኮዋ ቅይጥ ጨምሩበት። በዝግታ፣ ከሥር እያነሣችሁ፣ ነጭ ሽንትር እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ነው የምትቀላቅሉት። ቅይጡ ሲገባ ጥቁሩ 400 ግራም አካባቢ ይደርሳል፤ ስለዚህ ከተጋገረ በኋላ ጥቁሩ ሲሶ ሳይሆን ከዚያ ከፍ ብሎ ይታያል። ግማሽ በግማሽ ማካፈል ብዙ ጊዜ የሚመረጥ ነው፤ እኔ አልወደውም። ኮኮዋ ድምፁ ጎላ ያለ ነው፤ እኩል ከሆኑ ቫኒላው አይሰማም።

አሁን የምትፈትኑት ዋናው ነገር መጣ። በአንድ እጅ ነጩን፣ በሌላው ጥቁሩን በማንኪያ አንሡና ሁለቱን ጎን ለጎን ሳህኖቻቸው ላይ አዘንብሏቸው። ማንኪያዎቹን አትነቅንቁ፤ ሊጡ በራሱ ክብደት ይውረድ። አንድ ላይ ተላቀው፣ አንድ ላይ ከወደቁ ደርሰዋል። ጥቁሩ ከዘገየ አንድ የሻይ ማንኪያ ወተት ጨምራችሁ ቀላቅሉና እንደገና ሞክሩ፤ አሁንም ከዘገየ ሌላ አንድ። የኮኮዋ ዓይነት ሲለዋወጥ የሚጠጣው ፈሳሽም ይለዋወጣል፤ ለዚህ ነው በግራም ብቻ ልነግራችሁ የማልችለው። ጥቁሩ ከቀጠነ፣ ይህ ብዙም አይገጥምም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮኮዋ ነፍታችሁ ጨምሩ። ይህ ፈተና ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ ኬኩን ኬክ የሚያደርገው ግን እሱ ነው።

ቀጥሎ አደራደሩ። በትልቅ ማንኪያ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ እያላችሁ የመጋገሪያውን ሥር ሙሉት። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተራውን ገልብጡ፤ በነጩ ላይ ጥቁር፣ በጥቁሩ ላይ ነጭ ይውደቅ። ከላይ ሆኖ ሲታይ እንደ ዳማ ሰሌዳ መምሰል አለበት። ሊጡ እስኪያልቅ ቀጥሉ፤ ሦስት ረድፍ ያህል ይወጣዋል። መጋገሪያው ሦስት አራተኛ ያህል ከሞላ ይቁም፤ የተረፈውን በትንንሽ ኩባያ መጋገሪያ ጋግሩት። ከዚያ መጋገሪያውን አንሥታችሁ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቀስ አድርጋችሁ መታ አድርጉት፤ በሊጦቹ መሃል የተያዘ ትልልቅ አየር ይወጣል።

ቢላዋው የሚመጣው አሁን ነው፤ ብዙ ያማሩ ኬኮች የሚበላሹትም እዚሁ ላይ ነው። ጫፉ ያልሾለ የገበታ ቢላዋ ያዙ። ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ፣ ቢላዋውን ወደ ሥሩ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ድረስ አስገቡና፣ በዘገምታ ግራና ቀኝ እያጠማዘዛችሁ እስከ ሌላው ጫፍ ሂዱ። ከዚያ መንገዱን እያቋረጣችሁ ተመለሱ። ቢላዋውን አውጡ። አበቃ። ላዩ ላይ ያልተነካ የነጭ ወይም የጥቁር ክምር ቢታያችሁም አትመለሱበት። ዓይን ከላይ የሚያየው ጥቂቱን ነው፤ ውስጡ ከምትገምቱት በላይ ተጠላልፏል፣ ኦቭን ውስጥ ሲነሣም ይበልጥ ይሳባል። አንድ ዙር በጨመራችሁ ቁጥር መስመሮቹ እየቀጠኑ ሄደው በመጨረሻ ቡናማ ይሆናሉ፤ ያኔ ቫኒላውም ቸኮሌቱም የለም። ታናሽ እኅቴ አጠገቤ ስትጋግር ቢላዋውን ከእጇ የምወስድበት ጊዜ አለ። ትቀየመኛለች፣ ኬኩ ሲቆረጥ ግን ታመሰግነኛለች።

ቢላዋ የሚያስፈራችሁ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። በ23 ሴንቲ ሜትር ክብ መጋገሪያ መሃል ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነጭ ጨምሩ፣ በእሱ ማዕከል ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጥቁር፣ እንደገና ነጭ። ሊጡ በራሱ እየተገፋ ወደ ዳር ይሰፋል፤ ሲቆረጥ የሜዳ አህያ ሽንትር ይወጣዋል። ለዚህኛው ግን ሊጡ ቀጠን ማለት አለበት፤ ለሁለቱም እኩል ወተት ጨምሩ። ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ይጋገራል።

ኦቭን ውስጥ

ከማስገባታችሁ በፊት ትንሽ የለሰለሰ ቅቤ በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ጫፉን ቀድዳችሁ፣ በሊጡ መሃል በርዝመቱ ቀጭን መስመር አስምሩ። ኬኩ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ዳሩ ቀድሞ ይጠነክርና መሃሉ ከሥር ሲነሣ ላዩን ይገፋዋል። ቅቤ ያለበት መስመር ቶሎ ስለማይደርቅ ስንጥቁ በእሱ በኩል ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ኬኩን ያሳምረዋል።

ከ55 እስከ 65 ደቂቃ ይቆያል። የመጀመሪያዎቹን 35 ደቂቃዎች በሩን አትክፈቱ፤ ሊጡ ገና ራሱን ስላልቻለ ቀዝቃዛ አየር ሲገባ ይወርዳል። የእኔ ኦቭን በስተግራ በኩል ያቃጥላል፤ ስለዚህ 40 ደቂቃ ላይ መጋገሪያውን አዙሬ አስገባዋለሁ። የእናንተም የራሱ ጠባይ ይኖረዋል፤ ኬኩ በየትኛው በኩል እንደሚጠቁር አይታችሁ እወቁት። ጥቁር ብረት መጋገሪያ ሙቀት አብዝቶ ስለሚስብ 10 ዲግሪ ቀንሱለት። ቀለሙን ስትመለከቱ ዓይናችሁ ነጩ ክፍል ላይ ይረፍ፤ ጥቁሩ መብሰሉን በቀለም አይናገርም። ላዩ ወርቃማ ሆኖ ውስጡ ካልደረሰ የአሉሚኒየም ፎይል ከላይ ጣል አድርጉበት።

የቸኮሌቱ ሽታ ቤቱን የሚሞላው ኬኩ ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብሎ ስለሆነ በመዓዛው አትፍረዱ። ስቴኪኒ መሃሉ ላይ ውጉ፤ አንዴ በነጩ፣ አንዴ በጥቁሩ። ጥቁሩ በባሕርይው ረጠብ ስለሚል ጥቂት ፍርፋሪ ይዞ ቢወጣ ግድ የለም፤ የሚያብረቀርቅ ሊጥ ከያዘ ግን አልደረሰም። ቴርሞሜትር ያላችሁ መሃሉ 96 ዲግሪ ሲደርስ አውጡ። ከፍ ባለ ቦታ ግን ይህን ቁጥር አትጠብቁ፤ በ2,400 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 96ን ስትጠብቁ ኬኩ ይደርቃል። ለእናንተ ስቴኪኒውና ጣት ይሻላሉ፤ ላዩ ቀስ ብሎ ሲጫኑት ተመልሶ ከተነሣ ደርሷል።

ካወጣችሁት በኋላ 15 ደቂቃ እዚያው መጋገሪያው ውስጥ ይቆይ፤ ትኩሱ ኬክ ገና አልጠነከረም፣ ሲነሣ ይሰነጠቃል። ከዚያ በላይ ግን አታቆዩት፤ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ሥሩን ያረጥበዋል። በወረቀቱ ይዛችሁ አንሡና ፍርግርግ ሽቦ ላይ አስቀምጡት። ለመቁረጥ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ጠብቁ፤ ልጆች በዙሪያው ሲሽከረከሩ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሙቅ ኬክ በቢላዋ ይጨፈለቃል፣ ጥቁሩም በነጩ ላይ ይለቀልቃል። ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላዋ ተጠቀሙ፣ ወደ ታች ሳትጫኑ እየገዘገዛችሁ ቁረጡ፣ በየቁራጩ መሃል ቢላዋውን ጥረጉ። ክሬም አትቀቡት እላለሁ። የዚህ ኬክ ጌጥ የተቆረጠው ፊቱ ነው።

ያልሆነ ነገር ሲታይ

መሃሉ ከሰመጠ ወይ አልበሰለም፣ ወይ ቤኪንግ ፓውደር በዝቷል፣ ወይ በሩ ቀድሞ ተከፍቷል። ከሥሩ እርጥብና የታመቀ ሽፋን ከታየ ቅቤው ከመጠን በላይ ለስልሶ ነበር፣ ወይም ከስኳሩ ጋር በቂ አልተመታም። ኬኩ ጨርሶ አልነሣ ካለ ቤኪንግ ፓውደሩን መርምሩት፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ስትጨምሩት ወዲያው በኃይል ካልተንፈቀፈቀ ጊዜው አልፎበታል። ሁለቱ ቀለሞች ለየብቻ ተቀምጠው፣ በመሃላቸው ሽንትር ሳይኖር ከተገኙ ግን መልሱን ታውቁታላችሁ፤ የማንኪያው ፈተና ተዘሏል።

ኬኩ በማግስቱ ይሻላል። እርጥበቱ ከመሃል ወደ ዳር ይደርሳል፣ የኮኮዋውም ጣዕም ይረጋል። በፕላስቲክ በደንብ ጠቅልላችሁ ከማቀዝቀዣ ውጭ፣ ሙቀት በሌለበት ቦታ ብታስቀምጡት ሦስት ወይም አራት ቀን ይቆያል። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት፤ ቅቤው ይረጋል፣ ስታርቹም በዚያ ቅዝቃዜ ፈጥኖ ስለሚደርቅ ከውጭ ካለው ቀድሞ ያረጃል። ረዘም ላለ ጊዜ የምትፈልጉት ከሆነ ቆራርጣችሁ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ ጠቅልላችሁ በረዶ ቤት አስገቡት፤ እስከ ሁለት ወር ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። ስታወጡት ከነጥቅሉ ይሟሟ፤ ቀድማችሁ ከፈታችሁት ጤዛው ላዩ ላይ ያርፍና ያጣብቀዋል።